ነባር የኮሚክ አንባቢዎች የሚወዷቸው ሥራዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ አከራካሪው እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሚክና ግራፊክ ኖቭል ምን ይለያቸዋል?

ሁለቱም ታሪክን በሥዕልና በጽሑፍ ይነግራሉ። ልዩነቱ በአብዛኛው የአወጣጥ ነው። ኮሚክ በቀጭን መጽሔት መልክ በተከታታይ እትም ይወጣል። ግራፊክ ኖቭል ግን እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ወፈር ብሎ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ይዞ ይመጣል።

ድንበሩ ግን የላላ ነው። ዛሬ የግራፊክ ኖቭል አውራ የሚባለው «ዋችመን» መጀመሪያ የወጣው በ12 እትሞች ተከፋፍሎ ነው። «ማውስ»ም ቢሆን በመጽሔት ውስጥ በክፍል በክፍል ነበር የታተመው። ስያሜው እንዲለመድ ትልቅ ድርሻ የነበረው ዊል አይዝነር በ1978 ያወጣው «ኤ ኮንትራክት ዊዝ ጎድ» ነው። ነባሮቹ በዚህ ክርክር ብዙ አይጨነቁም። ሁሉንም «ኮሚክ» ብለው ይገላገላሉ፤ እዚህም እንደዚያው እናድርግ።

ኮሚክ የልጆች ነገር አይደል እንዴ?

አይደለም። እንዲህ የሚል ስም የተሰጠው ግን በምክንያት ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት አሜሪካ ውስጥ የወንጀል፣ የአስፈሪና የፍቅር ኮሚክ እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር። አንባቢውም ልጅ ብቻ አልነበረም። በ1954 ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚል መጽሐፍ አወጣ። ሴኔቱም ጉዳዩን ይዞ ምስክር ሰማ። አሳታሚዎቹ ፈሩ፤ ራሳቸው በራሳቸው ላይ የቅድመ ምርመራ ደንብ አወጡ። ፖሊስንና ዳኛን የሚያሳጣ ታሪክ ተከለከለ፣ አስፈሪው ዘውግ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ይቻላል። የተረፈው ለልጅ የሚሆነው ብቻ ሆነ።

ደንቡ ቀስ በቀስ ጉልበት አጣ። ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ አሳታሚዎች፣ ማርቭል በ2001፣ ዲሲ በ2011 ጥለውት ወጡ። ጃፓን ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር ስላልነበረ የማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) መጽሔቶች ለወንድ ልጆች፣ ለሴት ልጆች፣ ለጎልማሳ ወንዶችና ለጎልማሳ ሴቶች ተብለው ተለይተው አደጉ።

አንድም አንብቤ አላውቅም። በየትኛው ልጀምር?

«የምንጊዜም ምርጥ 100» የሚሉትን ዝርዝሮች ለጊዜው ተዉአቸው። ከኮሚክ ውጪ ምን ማንበብ ትወዳላችሁ? መነሻው እሱ ነው። የሕይወት ታሪክ ከሆነ ማርጃን ሳትራፒ ከ2000 እስከ 2003 ያወጣችው «ፐርሰፖሊስ» አለ። ከኢራን አብዮት በኋላ የምታድግ አፈኛ ልጅ ታሪክ ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ቀላልና ግልጽ ነው። ዓይን የቱን አስቀድሞ እንደሚያይ አይደናገርም። ለዚህ ነው ለጀማሪ ደጋግሜ የምጠቅሰው።

ልብ አንጠልጣይ ለሚወድ የናኦኪ ኡራሳዋ «ሞንስተር» አለ። አንድ ቀዶ ሐኪም ሕይወቱን ያተረፈለት ልጅ አድጎ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን ያሳድደዋል፤ 18 ቅጽ ነው፣ ግን ይሮጣል። የሰፈር ወሬ፣ ፍቅርና ሳቅ ለሚፈልግ ማርግሪት አቡዌ ጽፋ ክሌማን ኡብሬሪ የሳለው «አያ» ይሻላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ አቢጃን ውስጥ ዮፑጎን በሚባል ሰፈር ያሉ ሦስት ጓደኛሞችን ይከተላል። ጦርነትና ረሃብ የሌለበት የአፍሪካ ታሪክ ነው፤ ይሄ ብቻውን በ2005 ሲወጣ ብዙ አውሮፓዊ አንባቢን አስገርሟል።

በ«ዋችመን» ግን አትጀምሩ። ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል።

ታዲያ ሁሉም ሰው «ዋችመን»፣ «ዋችመን» የሚለው ለምንድን ነው?

አለን ሙር ጻፈው፣ ዴቭ ጊበንስ ሳለው፣ ጆን ሂጊንስ ቀለም ቀባው። የወጣው ከ1986 እስከ 1987 ነው። የተነሣበት ጥያቄ ቀላል ነው፦ ጭምብል አጥልቀው ወንጀለኛ የሚያሳድዱ ሰዎች በእውነት ቢኖሩ ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ ነበር? መልሱ አያስደስትም። አንዱ ጨካኝ ነው። አንዱ ሥራውን ትቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቆዝማል። አንዱ የአምላክ ያህል ኃይል አለው፣ ግን ሰው ማፍቀር እየጠፋበት ነው። የሱፐርሂሮ (ጭምብልና ካባ ለብሶ ወንጀልን የሚዋጋ ጀግና) ታሪክ አንብቦ ለማያውቅ ሰው የቱ ልማድ እንደተገለበጠ አይታየውም። ግማሹ ጣዕም እዚያ ላይ ይቀራል።

ነባሮቹን የሚያስመልሳቸው ግን አሠራሩ ነው። አብዛኛው ገጽ በዘጠኝ እኩል ሳጥኖች ተከፍሏል። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ የመጀመሪያው ገጽ አከፋፈል ከመጨረሻው ጋር፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር እያለ እንደ መስታወት ይገጥማል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ያ የአምላክ ያህል ኃይል ያለው ዶክተር ማንሃታን ያለፈውንም የሚመጣውንም በአንድ ጊዜ ያያል። ይህን በፊልም ማሳየት ከባድ ነው፤ ፊልም አንዱን አሳይቶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። ኮሚክ ላይ ግን ትናንት፣ ዛሬና ነገ አንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንባቢው ዓይኑን ከገጹ ራቅ ሲያደርግ እሱም ለአፍታ እንደ ማንሃታን ያያል።

ሌላም አለ። ጀግኖቹ እውነተኛ በሆኑበት በዚያ ዓለም ልጆች የሚያነቡት ኮሚክ ስለ ባሕር ወንበዴዎች ነው። አንድ ልጅ መንገድ ዳር ተቀምጦ ያነበዋል፣ እኛም አብረን እናነባለን። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ይሄን ክፍል ይዘለዋል። ሲደግሙት ነው ከዋናው ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ የሚገባው። ታይም መጽሔት በ2005 ምርጥ መቶ የእንግሊዝኛ ልቦለዶችን ሲዘረዝር ያስገባው ብቸኛ ግራፊክ ኖቭል ይሄ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከምወደው ይልቅ የማደንቀው ይበዛል። ቀዝቃዛ ነው።

ሱፐርሂሮ አይመቸኝም። ለእኔ የሚሆን አለ?

ሞልቷል። እንዲያውም ነባሮቹ ከልባቸው የሚወዱትን ሲጠየቁ ካባ የለበሰ ሰው የሌለበትን ነው ብዙ ጊዜ የሚጠሩት።

ከሁሉ በላይ «ማውስ» አለ። አርት ስፒገልማን አባቱ ቭላዴክ ከአውሽቪትዝ እንዴት እንደተረፈ ይተርካል። አይሁዶቹ በአይጥ፣ ጀርመኖቹ በድመት ተመስለዋል። ይሄን የሰማ ሰው ተረት መስሎት ያነሳዋል፤ ጥቂት ገጽ ሲሄድ ዝም ይላል። ግን የመጽሐፉ ጥንካሬ ያለው የጦርነቱ ክፍል ላይ ብቻ አይደለም። ልጁ መቅረጫ ይዞ ኒውዮርክ ውስጥ ያረጀውን አባቱን ሲጠይቅ እናያለን። አባትየው ንፉግ ነው፣ ነዝናዛ ነው፣ ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር አይስማማም። ልጁ ይወደዋል፤ አብሮት መዋል ግን አይችልም። ስፒገልማን አባቱን ቅዱስ አላደረገውም። በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አገኘበት።

ጋዜጠኝነት ለሚወድ ጆ ሳኮ አለ። በ1991 መጨረሻና በ1992 መጀመሪያ ዌስት ባንክና ጋዛ ሄዶ ያየውን «ፓለስታይን» ብሎ አወጣው። ራሱን ወፍራም ከንፈር ያለው፣ መነጽሩ ዓይኑን የሚሸፍን ግራ የገባው ሰው አድርጎ ይስላል፤ ዘጋቢው ከታሪኩ ውጪ የቆመ አይመስልም። ኬጂ ናካዛዋ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን፣ እህቱንና ወንድሙን አጣ። ከ1973 ጀምሮ ያወጣው «ቤርፉት ጌን» ከዚያ የመጣ ነው። ሥዕሉ የልጆች ካርቱን ይመስላል፣ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካን የመብት ትግል ለሚፈልግ የጆን ሉዊስ «ማርች» ሦስት ቅጽ ነው፤ ሦስተኛው በ2016 ናሽናል ቡክ አዋርድን አሸንፏል። ሉዊስ በወጣትነቱ ስለ ሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ የወጣ ኮሚክ አንብቦ ነበርና በኮሚክ መመለሱ ደስ ይላል።

ማንጋ ለምን ከኋላ ይጀምራል? ነባሮቹስ የትኛውን ይመርጣሉ?

ጃፓንኛ በባሕላዊ አጻጻፉ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ሥዕሉም በዚያው ይደረደራል። በፊት የእንግሊዝኛ አሳታሚዎች ገጹን እንደ መስታወት ይገለብጡት ነበር። ውጤቱ አስቂኝ ነው፦ ሳሙራዩ ሁሉ ግራኝ ሆነ። ዛሬ አብዛኛው እንዳለ ይታተማል። ጥቂት ገጾች ካነበባችሁ በኋላ ዓይን ይለምደዋል፤ አያሳስባችሁ።

ማንጋ የሚያረዝመው ጊዜን ነው። አንድ ዝምታ፣ አንድ የሰይፍ ምት ገጾችን ሊወስድ ይችላል። የካትሱሂሮ ኦቶሞ «አኪራ» ከ1982 እስከ 1990 ወጥቶ ከ2,000 ገጽ በላይ ነው፣ ግን ከተማ ሲፈርስ እያያችሁ ገጹ ሳይታወቃችሁ ይገለበጣል። «ሎን ዎልፍ ኤንድ ከብ» 28 ቅጽ ነው፤ ካዙኦ ኮይኬ የጻፈው፣ ጎሴኪ ኮጂማ የሳለው። ሕፃን ልጁን በጋሪ እየገፋ የሚዞር ቅጥር ገዳይ ነው ባለ ታሪኩ። የዘመኑ የአሜሪካ ሰዓሊዎች፣ በተለይ ፍራንክ ሚለር፣ ከዚህ ሥራ ብዙ ወስደዋል። ኦሳሙ ቴዙካን ሳያነሱ ስለ ማንጋ ማውራት አይቻልም፤ ነባሮቹ ግን ከ«አስትሮ ቦይ» ይልቅ «ፊኒክስ»ን ያስቀድማሉ።

«ዋን ፒስ» ላይ ሰው ለሁለት ይከፈላል። ኤይቺሮ ኦዳ በ1997 ጀመረው፣ ከ100 ቅጽ በላይ ሆኗል። የሚወዱት አብረውት ነው ያደጉት። አሁን ልጀምር ለሚል ሰው ግን ተራራ ነው።

ቲንቲንና አስቴሪክስ ዛሬም ይነበባሉ?

በደንብ። ቤልጅጋዊው ሰዓሊ ኤርዤ የወጣቱን ጋዜጠኛ የቲንቲንን ጀብዱዎች በ1929 ጀመረ። መስመሩ እኩል ውፍረት ያለው፣ ጥላ የማያበዛ፣ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ የሚታይበት ነው፤ ስንት የአውሮፓ ሰዓሊ ተከትሎታል። አንድ ብቻ ለማንበብ ከሆነ «ቲንቲን በቲቤት» ይሁን። ክፉ ሰው የለበትም። ሽጉጥም ሴራም የለም። አንድ ጓደኛ በረዶ ውስጥ ጠፍቷል፣ ሌላው ሞቷል ሲሉት አላምንም ብሎ ይፈልገዋል። ብዙ ነባሮች ከ24ቱ የቲንቲን አልበሞች ይሄን ያስቀድማሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

«አስቴሪክስ» ለሮም አልገዛም ስላለ የጥንት ፈረንሳይ መንደር የሚተርክ፣ በ1959 የጀመረ የረኔ ጎሲኒና የአልበር ኡዴርዞ ሥራ ነው። ልጅ በድብድቡ ይስቃል። አዋቂው ደግሞ በፖለቲካውና በታሪክ ቀልዱ። የሳይንስ ልቦለድ ለሚወድ ሞቢየስ የሳለው «ኢንካል» አለ፤ ታሪኩ አንዳንዴ ይጠፋባችኋል፣ ሥዕሉ ግን አይለቃችሁም።

ባትማን ከ1939 ጀምሮ አለ። ሁሉንም ማንበብ አለብኝ?

ማንም አላነበበውም። አሳታሚው ራሱ ታሪኩ ሲወሳሰብበት እየደመሰሰ እንደገና ይጀምራል፤ ዲሲ በ1985 እና በ1986 በ12 እትሞች ብዙ ዓለሞቹን አጥፍቶ ወደ አንድ የጠቀለለው ለዚህ ነው።

ነባሮቹ ያላቸው ዘዴ ደራሲንና ሰዓሊን መከተል ነው። ባትማን የጋራ ስም ነው፤ ዛሬ በጎበዝ እጅ ይሆናል፣ ነገ በቀሽም። ለመጀመር ሚለርና ዴቪድ ማዙኬሊ በ1987 የሠሩት «የር ዋን» ይበቃል። አራት እትም ብቻ ነው፣ ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር የለም። ከዚያ በ1986 የወጣው «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ» አለ፤ 55 ዓመት የሞላው፣ ጉልበቱ የሚያመው ባትማን ነው። የማርቭል የሱፐርሂሮ ቡድን የሆነው ኤክስሜን ከሆነ ክሪስ ክላርሞንት ከ1975 እስከ 1991 ሳያቋርጥ ጽፎታል። የ1980ውን የዳርክ ፊኒክስ ታሪክ ያዙና ከወደዳችሁት ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሂዱ።

አንዱን መጽሐፍ በአንድ ሰዓት ጨረስኩት። በቃ ይሄው ነው?

ጽሑፉን ብቻ አንብባችሁ ነው። ይሄ የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው፤ ዓይን ከአንዱ የንግግር አረፋ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ሥዕሉ ጌጥ ይሆናል።

ስኮት መክላውድ በ1993 ስለ ኮሚክ አሠራር ራሱን በኮሚክ መልክ አንድ መጽሐፍ አውጥቷል። ዋና ነገሩ በሳጥኖቹ መሃል ስላለው ነጭ ክፍተት ነው። አንዱ ሳጥን ላይ ሰው በር ሲያንኳኳ ታያላችሁ። ቀጣዩ ላይ በሩ ተከፍቷል፣ ወንበር ተገልብጧል፣ ሰው የለም። ጠቡን ማን ሳለው? እናንተ ናችሁ። በደንብ የተሠራ ኮሚክ ምን ማሳየት ብቻ ሳይሆን ምን መዝለል እንዳለበት ያውቃል።

ስለዚህ ገጹን ከማንበባችሁ በፊት አንዴ በሙሉ እዩት። የትኛው ሳጥን ሰፋ? የቱ ጋ ነው ቃል የሌለው? ገጽ ስትገልጡ ምን ጠበቃችሁ? ጎበዝ ሰዓሊ የሚያስደነግጠውን ነገር ገጹ ከተገለጠ በኋላ እንዲታይ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚያ መጽሐፉን ጨርሳችሁ ጽሑፉን ሳታነቡ ሥዕሉን ብቻ ተመልከቱ። ታሪኩ አሁንም ከገባችሁ ሰዓሊው ሥራውን ሠርቷል። ነባር አንባቢ አንድን ሥራ እወደዋለሁ ሲል ብዙ ጊዜ ደግሜ አነበዋለሁ ማለቱ ነው፤ ተደግሞ የማይነበብ ኮሚክ ዝርዝሩ ውስጥ አይቆይም።

ፊልሙን አይቻለሁ። መጽሐፉ ይቅርብኝ?

አይቅር። «አኪራ»ን ውሰዱ። ኦቶሞ ፊልሙን ራሱ አዘጋጅቶ በ1988 አወጣው፣ ማንጋው ያኔ ገና አላለቀም ነበር። ፊልሙ ድንቅ ነው፤ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያሉ ሰዎችና ክስተቶች ግማሽ እንኳ የሉበትም። የ2009ኙ የ«ዋችመን» ፊልም ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ብዙ ሳጥኖችን እንዳሉ ቀድቷል፣ ሆኖም ከላይ ያነሳነው የገጽ ጨዋታ ወደ ስክሪን አልተሻገረም። ሙር ስሙ እንዲነሳበት ስላልፈለገ ፊልሙ ላይ የሚታየው የጊበንስ ስም ብቻ ነው።

ከመጽሐፉ ጋር የሚስተካከል ካለ «ፐርሰፖሊስ» ነው። ሳትራፒ ከቫንሳን ፓሮኖ ጋር ሆና በ2007 ራሷ ሠራችው፤ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ሽልማት ወሰደ።

ለልጅ ምን ልስጥ?

የጄፍ ስሚዝ «ቦን»። ከ1,300 ገጽ በላይ ነው፣ ልጅ ግን ገጽ አይቆጥርም፤ እየሳቀ ገብቶ ትልቅ ጀብዱ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ከዚያ «ካልቪን ኤንድ ሆብስ»። ቢል ዋተርሰን ከ1985 እስከ 1995 ብቻ ሠርቶ አቆመው፤ ገጸ ባሕርያቱ በአሻንጉሊትና በቲሸርት እንዲሸጡም አልፈቀደም።

ሽፋኑ ላይ ባትማን ስላለ ብቻ ለልጅ ይሆናል ማለት አይደለም። «ዘ ኪሊንግ ጆክ» ውስጥ ያለው ግፍ ለአዋቂም ይከብዳል። «ሳጋ»ም ባለ ክንፍ ቤተሰብ ስላለበት ተረት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፍጹም የአዋቂ ነው።

በስልክ ባነብስ?

ለስልክ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ምንም ችግር የለም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የተጀመሩት ዌብቱኖች ወደ ታች እየተጎተቱ እንዲነበቡ ነው የተሳሉት። ለወረቀት የተሠራውን ግን ስልክ ይቆራርጠዋል። አንድ አንድ ሳጥን እያጎላ የሚያሳየው ዘዴ ገጹን በሙሉ የማየት ዕድል ይነፍጋችኋል። ሰፋ ያለ ታብሌት ካለ እሱን ተጠቀሙ።

የቆየ ኮሚክ ብሰበስብ ሀብታም እሆናለሁ?

አይመስለኝም። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት የ1938ቱ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። በ2014 አንድ ቅጂ በ3.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ በ2024 ሌላው በ6 ሚሊዮን። ይሄን የሰማ ሰው ዓይኑ ይበራል። ግን የተወደደው ለምን እንደሆነ እዩ፦ ያኔ ማንም አላስቀመጠውም። ልጆች አንብበው ቀደዱት፣ በጦርነቱ ጊዜ ወረቀት ሲሰበሰብ ስንቱ ኮሚክ አብሮ ሄደ። የተረፈው በጣም ጥቂት ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይሄን አስቦ በፕላስቲክ እየጠቀለለ ማስቀመጥ ጀመረ። በ1991 የወጣው አዲሱ «ኤክስሜን» ቁጥር 1 በተለያየ ሽፋን ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ታተመ። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር አይወደድም። ገበያው ተንኮታኮተ፣ ብዙ የኮሚክ መደብሮች ተዘጉ፣ ማርቭል ራሱ በ1996 መጨረሻ ኪሳራ አወጀ። የምትወዱትን ግዙ፣ አንብቡት።

የኮሚኩ ባለቤት ማን ነው፣ ጸሐፊው ወይስ ሰዓሊው?

ይሄ ጥያቄ ወዳጆችን አጣልቷል። በ1960ዎቹ ማርቭል ቤት ስታን ሊ አጭር የታሪክ ሐሳብ ለሰዓሊው ይሰጣል፤ አንዳንዴ በወሬ ብቻ። ጃክ ከርቢ ወይም ስቲቭ ዲትኮ ገጾቹን በሙሉ ይስላሉ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ እነሱ ይወስናሉ፣ ሊ በመጨረሻ ንግግሩን ይሞላል። እንግዲህ ታሪኩን ማን ጻፈው? ነባሮቹ ባለፉት ዓመታት ወደ ከርቢ እያዘነበሉ ነው። የሊ ቀልድና የንግግር ለዛ ባይኖር ግን እነዚያ ገጸ ባሕርያት ያን ያህል አይወደዱም ነበር ባይ ነኝ።

ባትማን ላይ ለአሥርት ዓመታት የቦብ ኬን ስም ብቻውን ነበር። ቢል ፊንገር አለባበሱንም፣ ታሪኩንም፣ ስንቱን ገጸ ባሕርይም ፈጥሮ ስሙ ሳይነሳ በ1974 ሞተ። እውቅናው በይፋ የተሰጠው በ2015 ነው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር መብቱን በ130 ዶላር ነው የሸጡት። ስማቸው የተመለሰውና የዓመት አበል የተቆረጠላቸው ብዙ ከጮኹ በኋላ በ1975 ነው። ኋላ የመጡ ደራሲዎች መብታቸውን በእጃቸው ይዘው መሥራት የመረጡት ይሄን አይተው ነው። «ሳጋ» የብራያን ቮንና የፊዮና ስቴፕልስ ንብረት ነው፤ ከ2018 እስከ 2022 እናርፋለን ብለው ሲያቆሙ ሌላ ሰው ቀጥሎ አላወጣውም።

ባለቤቱ ሳይጨርሰው ከሞተ መቀጠል አለበት?

እንደ ሰውየው ነው። ኤርዤ ከእኔ በኋላ ማንም ቲንቲንን እንዳይስል ብሎ በ1983 ሞተ። የመጨረሻው 24ኛ አልበም ንድፉ እንዳለ ነው የታተመው። ጎሲኒ በ1977 ሲሞት ደግሞ ኡዴርዞ «አስቴሪክስ»ን ብቻውን ቀጠለ፤ ሥዕሉ አልወረደም፣ ቀልዱ ግን ወርዷል። ይሄን ብዙ ሰው ይስማማበታል። ቴዙካ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ያለው «ፊኒክስ» በ1989 ሲሞት ሳይቋጭ ቀረ።

በጣም የሚያከራክረው «በርሰርክ» የተባለው ማንጋ ነው። ኬንታሮ ሚውራ ከ30 ዓመት በላይ ስሎት በ2021 በ54 ዓመቱ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ረዳቶቹ በወዳጁ ኮጂ ሞሪ መሪነት ቀጠሉት። ሞሪ ሚውራ ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ቀድሞ ነግሮኛል ይላል፤ ያልነገረኝን አልጨምርም ብሏል። ለእኔ ይሄ አክብሮት ነው። ሌላው ደግሞ የሚውራ እጅ ከሌለበት በርሰርክ አይደለም ይላል፣ ሥዕሉን ጎን ለጎን አድርጎ ላየ ሰው ክርክሩ መሠረት አለው።

የምወደው ሥራ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር ካገኘሁስ?

ታገኛላችሁ። ዊል አይዝነር ታላቅ የሚባልበት «ዘ ስፒሪት» ውስጥ ኤቦኒ ዋይት የሚባል ጥቁር ልጅ አለ፤ ከንፈሩ የተጋነነ፣ አነጋገሩ የሚያሾፍበት። «ዘ ኪሊንግ ጆክ» ላይ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ልጅ ባርባራ ጎርደን በጥይት የምትመታው ወንዶቹ እንዲሰቃዩ ብቻ ነው፤ ደራሲው አለን ሙር ራሱ ኋላ ላይ ሥራውን አልወደደውም። «ቲንቲን በኮንጎ» ደግሞ የቅኝ ገዢን ዓይን እንዳለ የሚያሳይ ነው። ጥቁሮቹ ሰነፍና ሞኝ ሆነው ተስለዋል። ኤርዤ በ1946 እንደገና ሲስለው ጥቂት ነገር ለወጠ፣ ስድቡ ግን ቀረ።

«ዘመኑ ነው» የሚለው መልስ አይበቃኝም፤ በዘመኑም ስድብነቱን የሚያውቅ የተሰደበው ሰው ነበር። ከነጭራሹ አታንብቡ የሚለውም አይመቸኝም። ደራሲው ቀጥሎ ምን እንዳደረገ ማየት ይጠቅማል። ኤርዤ ስለ ቻይና ሊጽፍ ሲነሳ ብራስልስ ይማር የነበረውን ወጣቱን ሰዓሊ ዣንግ ቾንግረንን አገኘ። ዣንግ ስለ አገሩ ነገረው፣ የሥዕሉን የቻይንኛ ጽሑፍም ጻፈለት። በ1936 በመጽሐፍ የወጣው «ብሉ ሎተስ» ላይ ቻይናውያኑ ስም፣ ቤተሰብና ሐዘን ያላቸው ሰዎች ሆኑ። ቲቤት ውስጥ የሚፈለገው ጓደኛም የተቀረጸው በዣንግ ነው። እዚያው «ብሉ ሎተስ» ውስጥ ግን ጃፓኖቹ ጥርሳቸው ያገጠጠ ክፉዎች ሆነው ነው የተሳሉት።